ይድረስ በጃፓን እንግሊዝኛ ለምታስተምሩ አማርኛ ተናጋሪ ባልደረቦቼ፦ ስለ «ኤ» እና ስለ «ዘ»

በማታ ክፍል፣ በግል የቋንቋ ትምህርት ቤት፣ በየሠፈሩ አዳራሽ ወይም በኢንተርኔት ለጃፓናውያን እንግሊዝኛ የምታስተምሩ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

ቁጥራችን ብዙ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሆኖም እኔ በምኖርበት በምሥራቅ ቶኪዮ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሠፈሩበት በካትሱሺካ ወረዳ ብቻ እንኳ፣ ከሥራ መልስ ሁለት ሦስት ተማሪ ይዘው የሚያስተምሩ ያገሬ ልጆች አጋጥመውኛል። ስንገናኝ ወሬያችን ዞሮ ዞሮ ከአንድ ቦታ ይደርሳል፤ ጃፓናዊ ተማሪ ቃላት ያጠናል፣ ሰዋስው ይሸመድዳል፣ የቤት ሥራ አያስታጉልም፤ አርቲክል ላይ፣ ማለትም ከስም ፊት በሚቆሙት በ«ኤ»፣ በ«አን» እና በ«ዘ» ላይ ሲደርስ ግን አሥር ዓመት የተማረውም እንደ ጀማሪ ይሆናል። ይህን ግልጽ ደብዳቤ የምጽፍላችሁ፣ ጥፋቱ ከተማሪው ይልቅ በእኛ በአስተማሪዎቹ ዘንድ እንዳለ፣ በተለይም አማርኛ የሰጠንን መሣሪያ ጓዳ አስቀምጠን ከሌላ የተዋስነውን ደካማ ሕግ እንደምናስተምር ስላመንሁ ነው። ከራሴ ጥፋት ልጀምር።

ከማተሚያ ቤት ሥራ ጡረታ የወጡ አንድ አዛውንት ተማሪ አሉኝ። ባለፈው መከር ሴት ልጃቸው ከኤዶጋዋ ወንዝ ማዶ፣ በቺባ ክፍለ ሀገር ኢቺካዋ ከተማ ቤት ገዝታ ነበርና ጎብኝተዋት ሲመለሱ አንድ ገጽ ድርሰት ጽፈው አመጡልኝ። ወደ አማርኛ ብመልሰው እንዲህ ይመስላል፦ «ልጄ አንድ ቤት ገዛች። አንድ ወጥ ቤት ጠባብ ነው። አንድ ጣሪያ ከፍ ያለ ነው። በአንድ መስኮት አንድ ወንዝ ይታያል።» ገጹ ላይ 23 ቦታ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት አድርጌ መለስሁላቸው። ወረቀቱን እንደ ልማዳቸው በሁለት እጃቸው ተቀብለው ረጅም ጊዜ ካዩት በኋላ፣ «ሰንሴይ (መምህር)፣ አንድ ነገር መጀመሪያ ሲነሣ ‹ኤ›፣ ሁለተኛ ሲነሣ ‹ዘ› ነው ብለውኛል። ወጥ ቤቱን ከዚያ በፊት አላነሣሁትም። ታዲያ እንዴት ‹ዘ› ይሆናል?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። «ልምድ ነው፤ ብዙ ሲያነቡ ይመጣል» ብዬ አለፍሁት፤ ይህን የመሰለ መልስ አስተማሪ የሚሰጠው ሳያውቅ ሲቀር እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ ጥያቄያቸውን በማስታወሻ ደብተሬ ላይ በአማርኛ ስገለብጠው ግን መልሱ ከገዛ እጄ ወጣ፤ «ወጥ ቤቱን» ብዬ ነበር የጻፍሁት። ሰውየው ወጥ ቤት ከዚያ በፊት አላነሡም፤ እኔ ግን ቤት ከተባለ ወጥ ቤት እንዳለው ስለማውቅ፣ ማንም ሳያዘኝ «ኡ»ን ቀጥዬበታለሁ። አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ይህን ያደርጋል። «ትናንት ሠርግ ሄጄ ነበር፤ ሙሽራዋ ሁለት ሰዓት ዘገየች» ሲባል የትኛዋ ሙሽራ ብሎ የሚጠይቅ የለም። «ታክሲ ተሳፈርሁ፤ ረዳቱ መልስ ከለከለኝ» ሲባልም ረዳቱ ቀደም ብሎ መተዋወቅ አላስፈለገውም፤ ታክሲው ይዞት መጥቷል። እንግሊዝኛው «ዘ»ም በዚህ ቦታ የሚሠራው ሥራ ይኸው ነው። «መጀመሪያ ኤ፣ ቀጥሎ ዘ» የሚለው ሕግ እውነትነቱ በጣም ጠባብ በሆነ ሜዳ ላይ ሲሆን፣ ተማሪው አምኖበት ከዚያ ሜዳ ሲወጣ እንደ አዛውንቱ ድርሰት ያለ ነገር ይወልዳል። ሕጉን ከልብ የጠበቀው ተማሪ ከማይጠብቀው የባሰ ጽሑፍ ከጻፈ፣ መመርመር ያለበት ሕጉ ነው።

ጃፓኖች አርቲክልን ካንሺ ይሉታል። ሲጻፍ የመጀመሪያው ፊደል ዘውድ ወይም ራስ ላይ የሚደፋ ቆብ፣ ሁለተኛው ቃል ማለት ስለሆነ፣ ለተማሪው አርቲክል ስም ላይ የሚደፋ ጌጥ ሆኖ ይታየዋል፤ ጌጥ ደግሞ ቢረሳ ስሙን አይጎዳም። የእኛው ከስሙ ግርጌ የሚንጠለጠል ነው፤ ቤት ቤቱ፣ ውሻ ውሻው፣ ልጅ ልጅቷ ይሆናል፤ ቅጽል ከቀደመ ደግሞ ወደ ቅጽሉ ይዛወርና «ትልቁ ቤት» እንላለን። «ን» ስትጨመርበት ነገሩ ይበልጥ ይጠራል፤ «ቤት ገዛሁ» እና «ቤቱን ገዛሁ» የሚሉት ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ሰሚውን የሚያስቀምጡት በተለያየ ቦታ ነው፤ በሁለተኛው ውስጥ ሰሚው ስለዚያ ቤት ቀድሞ ያውቃል። ይህ ጆሮ በነጻ የተሰጠን ነው። እዚህ አገር የሥራ ማስታወቂያዎች አዘውትረው «ኔይቲብ» አስተማሪ ሲፈልጉ አያለሁ፤ እንግሊዝኛን ከእናቱ ጡት ጋር የጠባው አስተማሪ ግን «ዘ»ን ከውጭ ሆኖ አይቶት አያውቅም፤ እኛ ሁለት ቋንቋ አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጠን ማየት እንችላለን።

እንዳንኩራራ ግን፣ አማርኛ ደንቆሮ የሚያደርገን ቦታም አለ። «ፀሐይ ወጣች» እንላለን እንጂ «ፀሐይዋ ወጣች» የምንለው ሌላ ነገር ለማጉላት ስንፈልግ ነው፤ እንግሊዝኛ ግን ለፀሐይም «ዘ» ይጠይቃል። «አስተማሪ ነኝ» ስንል ምንም አንጨምርም፤ ስለዚህ እንግሊዝኛ ስንማር «ኤ»ን ስንጥል አድገናል፤ ጃፓናዊው ተማሪም በዚያው ቦታ ላይ ይጥላታል። «አንድ» የምንለው ለቁጥር ወይም «አንድ የሆነ» ለማለት እንጂ እንደ «ኤ» ግዴታ ሆኖብን አይደለም። በአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ፊዚክሱንም ታሪኩንም በዚህ ቋንቋ ጽፈን ተፈትነናል፤ እንዲያም ሆኖ «ኤ» እስከ ዛሬ የምታመልጠን መሆኑን ለተማሪዎቻችን ብንነግራቸው ክብራችን አይቀንስም።

አሁን ወደ ጃፓንኛ ልሻገር፤ ምክንያቱም ብዙዎቻችን «ጃፓንኛ አርቲክል የለውም» ከሚለው ዓረፍተ ነገር ላይ እንቆማለን። እውነት ነው፣ የለውም፤ ብዙ ቁጥርም በስም ላይ ግዴታ አይደለም፤ «ኢኑ» አንድ ውሻም፣ ውሻውም፣ ውሾችም ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ሰሚው የሚያውቀውንና የማያውቀውን የሚለይ ስሜት ጃፓናዊው ዘንድ ሞልቷል። ልጅ ሁሉ የሚያውቀው የሞሞታሮ ተረት ሲጀመር፣ «ሙካሺ ሙካሺ» ተብሎ ሽማግሌውና አሮጊቷ መጀመሪያ ብቅ ሲሉ የሚከተላቸው ምልክት «ጋ» ነው፤ ቀጥሎ ሽማግሌው ወደ ተራራ እንጨት ለቀማ፣ አሮጊቷ ወደ ወንዝ ልብስ አጠባ ሲሄዱ ምልክቱ «ዋ» ይሆናል። እኛ ደግሞ «ድሮ ድሮ አንድ ሽማግሌና አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ ሽማግሌው ወደ ተራራ፣ አሮጊቷ ወደ ወንዝ ሄዱ» እንላለን። ይህን ተረት በሦስቱ ቋንቋዎች ሰሌዳ ላይ አንዱን ከአንዱ ሥር ጽፌ ሳሳያቸው፣ ነርስ የሆነች አንዲት ተማሪዬ እጇን አፏ ላይ አድርጋ «አውቀው ነበር ማለት ነው» ያለችውን አልረሳውም።

«ጋ» ማለት «ኤ»፣ «ዋ» ማለት «ዘ» ነው ብላችሁ ግን እንዳታስተምሩ እለምናችኋለሁ፤ አንዱን ክፉ ሕግ በሌላ መለወጥ ይሆናል። ማቆሚያ ላይ ስንጠብቀው የቆየነው አውቶቡስ ሲመጣ ጃፓናዊው «ባሱ ጋ ኪታ» ይላል፤ እንግሊዝኛው ግን «ዘ ባስ» ነው። በዚያው ተረት ውስጥም «ወደ ተራራ» እና «ወደ ወንዝ» በአማርኛም በጃፓንኛም ባዶአቸውን ሲቆሙ እንግሊዝኛ በሁለቱም ላይ «ዘ» ያስቀምጣል። ተረቱ የሚጠቅመው፣ ጉዳዩ ሰሚውን የሚመለከት መሆኑን ለማሳየት ነው፤ ከዚያ በላይ አትጎትቱት።

ብዙ ጉዳት ያደረሰው ሌላው ነገር ትርጉሙ ነው። «ዘ» በመዝገበ ቃላትና በየማስታወሻው «ሶኖ»፣ «ኤ» ደግሞ «ሂቶትሱ ኖ» (አንድ) ተብሎ ይተረጎማል። «ሶኖ» ግን «ያ» ማለት ነው፤ በጣት የሚያመለክት ቃል ነው፤ ተማሪው በጣቱ የሚያሳየው ነገር ከሌለ «ዘ»ን አይጠቀምባትም፤ የወጥ ቤቱም ችግር በከፊል ከዚህ ይመነጫል። በሌላ በኩል ጃፓንኛ «ዘ»ን «ዛ» ብሎ ወስዶ የራሱ አድርጓታል፤ «ዛ ኒፖን» ሲባል «እውነተኛዋ፣ ጃፓን ብሎ ዝም የሚያሰኘው» እንደ ማለት ነው፤ ስለዚህ አንዳንዱ ተማሪ «ዘ»ን የሚያስገባት ስሙን ለማድመቅ ነው። በየዓመቱ በፈረንጆች ጥር 1 ቀን የሚደርሱኝ የአዲስ ዓመት ፖስት ካርዶች ደግሞ ተቃራኒውን ያሳዩኛል፤ ብዙዎቹ ላይ «ኤ ሃፒ ኒው ይር» ተብሎ ታትሞባቸዋል፤ ሰላምታው ብቻውን ሲቆም «ኤ» አያስፈልገውም። ካርዱን አርሜ የመመለስ ሐሳብ አንድ ጊዜ መጥቶብኝ ነበር፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አላደረግሁትም።

«ኤ»ን በተመለከተ ከሁሉ የጠቀመኝ ያላሰብሁት ነገር ነው። የጃፓንኛ የመቁጠሪያ ቃላት ለውጭ አገር ሰው የራስ ምታት ናቸው፤ ትንሽ እንስሳ በ«ኢፒኪ»፣ ረጅምና ቀጭን ነገር በ«ኢፖን»፣ ስስና ጠፍጣፋ በ«ኢቺማይ»፣ መጽሐፍ በ«ኢሳትሱ» ይቆጠራል። (እኛም አንድ ራስ ሽንኩርት፣ አንድ ፍሬ ሎሚ፣ አንድ ዘለላ ወይን ስንል የዚህ ዘመዶች ነን።) አሁን «ፔፐር» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ውሰዱ። «ኤ» ሳይኖረው ዝም ብሎ ወረቀት የሚባለው ቁስ ነው፤ «ኤ» ሲጨመርበት ጋዜጣ ወይም የጥናት ጽሑፍ ይሆናል። ጃፓናዊው የወረቀቱን ቅጠል «ኢቺማይ»፣ ጋዜጣውን «ኢቺቡ»፣ የጥናት ጽሑፉን «ኢፖን» ብሎ ይቆጥራል፤ አንዱን ከሌላው አያምታታም። እንግዲህ ተማሪውን «ይህ ስም ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ፣ «በሐሳብህ ያለው ነገር ጫፍና ዳር አለው? ብትቆጥረው በምን ትቆጥረዋለህ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። «አይረን» የሚለው ቃልም እንዲሁ ነው፤ ያለ «ኤ» ብረት፣ በ«አን» ካውያ ነው፤ ጃፓንኛ ብረቱን «ቴትሱ»፣ ካውያውን ከእንግሊዝኛው ወስዶ «አይሮን» ስለሚል ልዩነቱን ተማሪው ወዲያው ይይዘዋል። በዚህ መንገድ የማይፈቱ ቃላት አሉ፤ የቤት ዕቃን፣ ምክርንና መረጃን የሚሰይሙት የእንግሊዝኛ ቃላት ለምን «ኤ» እንደማይወዱ የሚያስረዳ ምክንያት ፍለጋ ጊዜ አታጥፉ፤ እነርሱን በቃል ማስጠናት ነው።

አሁን ወደ ቀይ እስክሪብቶው ልመለስ። «ዘ» በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ከሁሉም ቃላት አብልጦ የሚመጣ ነው፤ ከመቶ ቃላት 5 እስከ 7 የሚሆኑት እርሱ ነው። «ኤ»ና «አን» ሲጨመሩ፣ ባዶውም ቦታ ሲታሰብ፣ አንድ ገጽ ድርሰት ላይ ተማሪው በአርቲክል ጉዳይ ብዙ ደርዘን ጊዜ ይወስናል ማለት ነው። ሁሉንም ያረምን እንደሆነ የምንመልስለት ወረቀት ደም የፈሰሰበት ይመስላል። የቋንቋ ትምህርት ተመራማሪው ጆን ትረስኮት በ1996 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) ሰዋስውን በጽሑፍ ላይ ማረም አይጠቅምም፣ እንዲያውም ይጎዳል ብሎ ሲጽፍ ብዙ ክርክር ተነሣ፤ ከዚያ በኋላ ግን ሺን በ2007፣ ቢችነር በ2008 ባወጧቸው ጥናቶች እርማቱ በ«ኤ»ና በ«ዘ» ጥቂት አገልግሎቶች ላይ ብቻ ሲወሰን ተማሪዎች መሻሻላቸው ታየ። እኔ ከዚህ የወሰድሁት ግልጽ ነው፤ በአንድ ድርሰት አንድ ዓይነት ስሕተት ብቻ መርጠህ አርም፤ የቀረውን ዓይንህ እያየ እለፈው። ማለፉ ከማረም ይከብዳል፤ እኔ እጄን ለማስታገስ ቀዩን እስክሪብቶ በእርሳስ ለውጫለሁ።

ከእነዚያ 23 ምልክቶች መካከል አንዱ ስሕተቱ የእኔ እንደነበረ ያወቅሁትም ወረቀቱን ከሦስት ሳምንት በኋላ እንደገና አስመጥቼ ሳነበው ነው። «በመስኮት አንድ ወንዝ ይታያል» ባሉት ላይ «ኤ»ን ሰርዤ «ዘ» ብዬ ነበር፤ ምክንያቱም ወንዙ ኤዶጋዋ መሆኑን እኔ አውቃለሁ፣ እርሳቸውም ያውቃሉ። የድርሰቱ አንባቢ ግን አያውቅም፤ ለእርሱ ገና የሚተዋወቀው ወንዝ ነውና የአዛውንቱ «ኤ» ትክክል ነበረች። ታኒያ አዮኒንና ባልደረቦቿ በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ ቋንቋቸው አርቲክል የሌለው የሩሲያኛና የኮሪያኛ ተናጋሪዎች እንግሊዝኛ ሲማሩ፣ ተናጋሪው በልቡ ለይቶ የያዘውን ነገር ሰሚውም የሚያውቀው ያህል በ«ዘ» የመጥራት ዝንባሌ እንዳላቸው አሳይተዋል። ጃፓናውያን ተማሪዎቼም «ዛሬ ጓደኛ አገኘሁ» ለማለት «ዘ ፍሬንድ» የሚሉት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ጓደኛው ማን እንደሆነ እነርሱ ያውቁታላ። እኔም አስተማሪያቸው፣ ቋንቋዬ «ኡ»ን እየቀጠለ ያሳደገኝ ሰው፣ በወንዙ ላይ ያንኑ ስሕተት ሠራሁ።

ስለ ፈተና ብዙ አልልም። ከ2020 ጀምሮ እንግሊዝኛ ለ5ኛና ለ6ኛ ክፍል መደበኛ ትምህርት ሆኗል፤ አዋቂዎቹ ደግሞ በ1979 እዚሁ ጃፓን ውስጥ መሰጠት የጀመረውን ቶይክ የተባለ የእንግሊዝኛ ፈተና ለሥራ እድገት ይወስዱታል። የማዳመጥና የማንበብ ቶይክ 200 ጥያቄ በሁለት ሰዓት የሚሠራበት የምርጫ ፈተና ስለሆነ፣ ከፍተኛ ውጤት ያለው ሰው እንኳ ከራሱ ሐሳብ ለወጣ ስም አርቲክል መርጦ የማያውቅ ሊሆን ይችላል። ተማሪው «ውጤቴ 800 ነው» ሲላችሁ ደስ ይበላችሁ፤ ድርሰት ግን አጽፉት።

ሰሌዳው ላይ ከምጽፈው ሁሉ በላይ ያስተማረልኝ አንድ ጨዋታ ነው። ሁለት ተማሪዎች ጀርባ ለጀርባ ይቀመጣሉ፤ አንዱ የሚያውቀውን ክፍል በእንግሊዝኛ ይገልጻል፣ ሌላው ይስላል። የሚስለው ሰው የትኛው እንደሆነ ሲጠፋበት በጃፓንኛ «ዶሬ?» ይላል፤ የትኛው ማለት ነው፤ ተናጋሪው ለእያንዳንዱ «ዶሬ» ዓረፍተ ነገሩን ያድሳል። ቃሉ ለእኛ ጆሮ ዶሮ ዶሮ ስለሚል የመጀመሪያ ቀን ሣቄን መያዝ አቅቶኝ ነበር። አዛውንቱ የልጃቸውን ወጥ ቤት ሲገልጹ ነርሷ ትስላለች። ምድጃውን «ዘ» ብለው ጠሩት፤ እርሷም ዝም ብላ ሣለችው፤ ወጥ ቤት አንድ ምድጃ ነው ያለው። ቀጥለው «ዘ ዊንዶው» ሲሉ ግን «ዶሬ?» አለች፤ ቀደም ብለው ሁለት መስኮት እንዳለ ነግረዋት ነበርና። ጥቂት አሰቡና «ከዕቃ ማጠቢያው በላይ ያለው መስኮት» ብለው አስተካከሉ። «ዘ»ን የሚፈቅደውና የሚከለክለው ሰሚው መሆኑን በዚያች ቅጽበት ከእኔ አንደበት ሳይሆን ከነርሷ እርሳስ አዩት።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። «መጀመሪያ ኤ፣ ሁለተኛ ዘ» የሚለውን ሕግ ከሰሌዳችሁ አጥፉት፤ «ሶኖ»ንም ለ«ዘ» ትርጉም አድርጋችሁ አትስጡ። በምትኩ «ሰሚህ የትኛው እንደሆነ ያውቃል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱ ሲጠፋችሁ ዓረፍተ ነገሩን በልባችሁ ወደ አማርኛ መልሱትና «ኡ» ወይም «ዋ» ትገባ እንደሆነ አዳምጡ፤ ፀሐይን፣ ተራራንና ወንዝን የመሳሰሉትን ግን አማርኛችሁ ሊያሳስታችሁ እንደሚችል እያስታወሳችሁ። እንደ ሙሽራዋና እንደ ታክሲው ረዳት ያሉ ምሳሌዎች ካሏችሁ ጻፉልኝ፤ እኔም የመቁጠሪያ ቃላቱን ዝርዝር እያሰፋሁት ስለሆነ ለሚፈልግ ሁሉ እልካለሁ።

ለአዛውንቱ ተማሪዬ ግን ስለ ወንዙ ገና አልነገርኋቸውም። የፊታችን ማክሰኞ ማታ ወረቀቱን ይዤ እሄዳለሁ፤ በሁለት እጄ እሰጣቸዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
በካትሱሺካ ወረዳ የምትገኝ የማታ ክፍል አስተማሪ